ከሲስተሙ ጋር ያልገጠሙት ሽማግሌ

ግቢ፣ ግቢ የኔ ልጅ! ዝናቡ አበሰበሰሽ እኮ። ... ጫማሽን ተይው፣ ወለሉ ይታጠባል። ባጃጁ ዳገቱ ሥር ነው ያወረደሽ አይደል? አውቃለሁ። «ከዚህ በላይ ይንሸራተታል» ይላሉ። ሒሳቡን ከተቀበሉ በኋላ ነው የሚንሸራተተው።

አዲሷ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነሽ መሰለኝ። ሠናይት? ... አትደንግጪ፣ አከራይሽ ወሰንየለሽ ደንበኛዬ ናት፤ ሳትመጪ ነው ወሬሽ የደረሰኝ። እኔ አልጣሽ እባላለሁ። «እትዬ አልጣሽ ፍራሽ ቤት» ካልሽ ቦንጋ ውስጥ ማንም ያመጣሻል።

ፍራሽ ነው የፈለግሽው? ይቺን ንኪያት እስቲ። በደንብ ተጫኚያት፣ አትፈሪ። ... አየሽ፣ ወዲያው ትነሳለች። ወገብም አታሳምምም። አልጋስ አለሽ? ... ገና ነው? አሃ... ከዚህ ከጎናችን ካለው ፈርኒቸር ቤት ልትገዢ ነዋ።

ግዢ! ማን ከለከለሽ? ጥሩ ቤት ነው። ያ በረንዳው ላይ ግራጫ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካው ባለቤቱ ነው። የተማረ ልጅ ነው። ሰላምታ አያበዛም እንጂ ጨዋ ነው። ... ምነው በዓይንሽ ትጠቅሺኛለሽ? ይሰማናል ብለሽ ነው? ይስማ! ምን ክፉ ነገር ወጣኝ? ጎረቤቱን የሚያመሰግን ሰው ድምፁን የሚቀንሰው ለምንድነው?

ደግሞም ስለሱ አይደለም የማወራሽ። አልጋ ስትይኝ አንድ የደካ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው። አዎ... ደካ። ራቅ ይላል፣ እዚህ የሚያውቀው የለም። ዝናቡ እስኪያባራ ላጫውትሽ፣ ተቀመጪ።

ደካ ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን... ጋሽ አምባው እንበላቸው። አልጋ ይሠራሉ፣ ቁም ሣጥን ይሠራሉ፣ የትምህርት ቤት ዴስክ ይሠራሉ፣ ሰው ሲሞትም የሬሳ ሣጥን ይሠራሉ። እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን ጋሽ አምባው ሥራ ያዘገያሉ። ለሠርግ የታዘዛቸውን አልጋ፣ ሙሽሮቹ ወልደው ልጁ ክርስትና ከተነሳ በኋላ ያደረሱበት ጊዜ አለ። የቁም ሣጥናቸው የግራ በር ከቀኙ ጋር ተመሳስሎ አያውቅም። ማጠፊያው ቢሰበርብሽ ሌላ ማጠፊያ የሚገጥመው የለም፤ እንደገና እሳቸውን መለመን ነው። እሳቸው ደግሞ ሲለመኑ ይናደዳሉ፣ ሲናደዱ በካፊኖኖ ነው የሚያወሩት፣ ከሌላ አገር የመጣ ደንበኛ ተመረቅሁ ብሎ አመስግኖ ይሄዳል።

አንድ ልጅ አላቸው። አንድ ብቻ። እናቱ ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፤ ሌላ ሚስት ሳያገቡ፣ እዚያው ሰጋቱራ ውስጥ አሳደጉት። ሲያንቀላፋ ኮታቸውን አንጥፈው ያስተኙታል፣ ሲያለቅስ መጋዙን አቁመው ያዝሉታል። ሥራው ለምን ይዘገይ ነበር ብትይኝ፣ እኔ እንጃ... አንዳንዱ ጊዜ እንዲህ የሄደ ይመስለኛል። ከዚያ አዲስ አበባ ላኩት። ዲዛይን ተማረ። ምን የመሰለ ሰው ሆኖ ተመለሰ! የተመለሰ ለት አባቱ የቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው እጁ ላይ አስቀመጡለት። «ከእንግዲህ አንተ ነህ» አሉት። እሱም አላስተባበለም። ለምን ያስተባብላል? ታዛዥ ልጅ ነው።

በማግስቱ ሠራተኞቹን ሁሉ ሰበሰበና ላፕቶፑን መላጊያው ጠረጴዛ ላይ ከፈተ።

«ከዛሬ ጀምሮ እንጨት ቤት አይደለንም» አለ።

«ታዲያ ምንድን ነን?» አሉት አባቱ።

«ኩባንያ ነን። ምርቶቻችን ሁሉ በአንድ ሲስተም ነው የሚሠሩት። ሰው ሲያያቸው አንድ ቤተሰብ መሆናቸው መታወቅ አለበት።»

ቤተሰብ! ስታስቢው እንዴት ደስ የሚል ቃል ነው። ሽማግሌውም ሌላው ባይገባቸውም የእሷ ትርጉም ስለገባቸው አጨበጨቡ።

ነገሩ ሞጁል የሚሉት ነው። እኔ ያልተማርኩት እንደገባኝ፣ ሣጥን ነው። አንድ ልክ፣ አንድ ግራጫ ቀለም፣ አንድ ዓይነት እጀታ፣ ጎኑ ላይ የኩባንያው ምልክት፣ ቅጠል። ሁለቱን ብትደራርቢ ቁም ሣጥን ነው። ጎን ለጎን ብታጋድሚ አልጋ ነው። ጣውላ ብትጥይበት ጠረጴዛ። ዘንድሮ አንዱን ገዝተሽ ለከርሞ ሌላውን ብትጨምሪ ይገጥማል። አንዱ ቢሰበር እሱን ብቻ ትለውጫለሽ። ደግሞ በቀጠሮው ቀን ይደርሳል! ክፋት አለው? ምንም። እኔ ራሴ እዚያው ቆሜ ሰምቼ «ጎሽ!» ብያለሁ። ማለቴ... ደካ ሄጄ በነበረ ጊዜ።

ጎበዝ ሰው ግን እዚህ ላይ በቃኝ ይላል እንዴ?

መጀመሪያ አንድ ካፌ ባንኮኒ አዘዘው። ሠራለት፣ ቆንጆ። ቀጥሎ አንድ ቸርች አትሮንስ አዘዘው። ሠራለት፣ እሱም ቆንጆ... ያው ባንኮኒው ነው። ፓስተሩ የመጀመሪያውን እሑድ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አስቀምጠው ቀና ሲሉ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ሳያስበው «አንድ ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው አሉ። ፍራሽ የምትሸጥ ጎረቤትም ነበረችው፤ እንደ እኔ ያለች ምስኪን፣ እዚያ ደካ። «እትዬ፣ ፍራሾችሽ ከፖርትፎሊዮው ጋር አይናበቡም» አላት። ምን ትመልስለት? ፍራሽ ማንበብ እንዳለበት በምን ታውቃለች?

የሬሳ ሣጥኑንም ሲስተሙ ውስጥ አስገባው። ምን ይደረግ፣ እሱም ምርት ነው፤ ከቤተሰቡ ለምን ይለያል? ሁለት ሞጁል እግርና ራስ አድርጎ ገጠመው። ግራጫ፣ ከነእጀታው፣ ከነቅጠሉ። በዚያው ሰሞን አንድ የታወቁ ነጋዴ ሞቱና አገሩ ሁሉ ሊቀብር ወጣ። ያንን ግራጫ ሣጥን ያላየ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ሠርግ ነው።

የሙሽራዋን አክስት በዛወርቅ እንበላት፤ ለሙሽሮቹ ስጦታ ቁም ሣጥን ያዘዘችው እሷው ናት። ዳሱ ሞልቷል፣ ከበሮው ይመታል፣ ሙሽራው ፎቶ ሊነሳ ከሚዜዎቹ ጋር ወጣ ብሏል። አንድ ፒካፕ ከበሩ ላይ ቆመ። ወጣቶች ወረዱና አንድ ረጅም ግራጫ ነገር በአግድሙ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ጭቃው እንዳያዳልጣቸው ቀስ... ቀስ... እያሉ ወደ ዳሱ መጡ። አስቢው እስቲ።

ከበሮው ቆመ። በዛወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና «ወይኔ! ማን ነው?» ብላ ጮኸች። አንዷ ጮኸች ማለት ሁሉም ጮኸ ማለት ነው። የሙሽራው እናት «ልጄን መኪና በላብኝ!» ብለው እዚያው ተዘረሩ። ሙሽራዋ ቬሏን ቀድዳ ጣለችው። ተሸካሚዎቹ ከሥሩ ሆነው «ኧረ ቁም ሣጥን ነው! ቁም ሣጥን!» ይላሉ፤ ማን ይስማቸው? አንዱ ቢጨንቀው አወረደና በሩን በረገደው።

«ተመልከቱ! መደርደሪያ አለው!»

በዛወርቅ በእንባዋ መሐል ጎንበስ ብላ አየችና «የሬሳ ሣጥን መደርደሪያ ምን ያደርግለታል?» አለች።

ሙሽራው በእግሩ ሲገባ ነው ለቅሶው የቆመው። እናቱ ግን እጁን ይዘው እስኪመሽ አልለቀቁትም፤ ምሳውንም ያው እንደያዙት በላ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ እስከ ዛሬ ልብስ አልተሰቀለም፤ ድንች ነው ያለበት።

ይሄን ሄደው ለባለ ሲስተሙ ሲነግሩት ምን ያለ ይመስልሻል? ተናደደ? አፈረ? ... ተደሰተ እንጂ! «ሰው ምርታችንን ከሩቅ መለየት ጀመረ ማለት ነው» አለ። አየሽ አእምሮ? እኔና አንቺ ለቅሶ ያየንበት ቦታ እሱ ገበያ ያያል። እንዲህ ያለ ሰው አያድግም?

አደገ። ቤቱን አሳመረው። ግድግዳው ግራጫ፣ በሩ ግራጫ፣ ሠራተኞቹ ግራጫ ቱታ። አንድ ያልተስተካከለ ነገር ብቻ ቀረ፤ አባቱ። ጥግ ላይ የራሳቸው የዋንዛ ጠረጴዛ ነበረቻቸው፣ አንዷ እግሯ አጠር ያለች። እዚያ ላይ ሆነው አንዳንዴ ለሰፈር ልጅ በርጩማ ይሠራሉ። አንዱ በርጩማ ከሌላው አይመሳሰልም መቼም።

«አባባ፣ ይቺ ጠረጴዛ ከሲስተሙ ጋር አትሄድም» አላቸው።

«እኔስ የት ልሥራ?»

«አንተማ ዕረፍ። ስንት ዘመን ለፍተህ!»

እንዴት ያለ የሚያዝን አንጀት ነው! ጠረጴዛዋን አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ለማገዶ ተሰጥታ አገኟት... ማለቴ ሲመለሱ። ከዚያ በኋላ በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚገባ የሚወጣውን ሰላም ይላሉ።

ኋላ ሆቴል የሚያስገነቡ ትልልቅ እንግዶች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው ተባለ። ሽማግሌው ሰሙ። ጠዋት ጢማቸውን ተላጩ፣ የክት ኮታቸውን ለበሱ፣ ጫማቸውን ራሳቸው ጠረጉ። «ልጄ ከእንግዶቹ ጋር ሊያስተዋውቀኝ ነው፤ ክራባት ላድርግ ወይስ ይቅር?» ብለው... ፍራሽ የምትሸጠዋን ሴትዮ ጠየቋት። «አድርግ» አለቻቸው። የሞተ ባሏን ክራባት ከሣጥን አውጥታ አሰረችላቸው።

እንግዶቹ ገቡ፣ አዩ፣ ወደዱ። ሲወጡ አንደኛዋ ሴት በሩ ላይ ቆማ ሽማግሌውን አየቻቸው። ክራባት አድርገው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፈገግ ብለው ቆመዋል።

«እኚህ አባትስ ማን ናቸው?» አለች።

ልጁ አባቱን አየ፣ ወደ እንግዳዋ ዞረ።

«ሴኩሪቲያችን ናቸው።»

«ናቸው» ነው ያለው፣ ልብ በይ። «ነው» አላለም። አክብሮቱ የት ይሄዳል?

ወንድም ጋሼ ያኔ... ምን አልኩ? ሽማግሌው ማለቴ ነው። የደካ ሽማግሌ ሁሉ ወንድሜ ይመስለኛል። ... ሽማግሌው ፈገግታቸው እንኳን አልጠፋም። ኮፍያቸውን አጠለቁ። በዚያ ጭቃ ሄደው የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፈቱ። መኪኖቹ እስኪወጡ ቀጥ ብለው ቆመው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ሰጡ። አንደኛው እንግዳ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ለሻይ» ብሎ ሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። በሩን ዘጉ፣ ተመልሰው ገቡ፣ ብሩን የልጃቸው ግራጫ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

«የኩባንያው ነው» አሉና ወጡ።

ክራባቱን ፈትተው፣ አጣጥፈው መለሱላት ለሴትዮዋ። አልተናደዱም። በካፊኖኖም በአማርኛም ምንም አላሉም። እሱ ነው የከበዳት። በማግስቱ የተወለዱበት ገጠር፣ እዚሁ ቦንጋ አጠገብ ያለው ማንኪራ ገቡ። ከደካ ማንኪራ ምን አገናኘው አትበይኝ፤ ሰው የተወለደበት አያጣም።

ሴትዮዋ አላስቻላትም፣ ልጁን ሄዳ ጠየቀችው። «ምን ማለትህ ነው?» አለችው። ተረጋግቶ አስረዳት። «እትዬ፣ እንግዶች የሚያዩት ምስል ነው። የመሥራቹ ምስል ከብራንዱ ጋር መሄድ አለበት።» ከዚህ በላይ ማብራሪያ ትፈልጊያለሽ? እሷ እንኳን ያልተማረችው ወዲያው ነው የገባት።

የሆቴሉን ትእዛዝ አገኘ። የሆቴሉ ሰዎች ደግሞ ታሪክ ይወዳሉ አሉ፤ «የቤተሰብ ሙያ ከሆነ ሰሌዳችሁ ላይ ይታይ» አሉት። ይኸው አሳየ። ትልቅ ሰሌዳ፣ «ከአባት ለልጅ» የሚል፣ ከጽሑፉ በላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ። ጢማቸው እንደ ጥጥ፣ ጥርሳቸው ሙሉ፣ እጃቸው ለስላሳ። ከኢንተርኔት የወጡ አባት ናቸው። የማን አባት እንደሆኑ እግዚአብሔር ይወቅ። ... ምን ታያለሽ? የጎረቤቴን ሰሌዳ? እሱን ተይው፣ እኔ የምልሽ የደካውን ነው። ይመሳሰላሉ። ሁሉ ነገር ተመሳስሏል ብዬሽ የለ?

ሴትዮዋ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ማንኪራ ትሄዳለች። ሽማግሌው ደህና ናቸው። ቡና ይለቅማሉ፣ ቀፎ ይሰቅላሉ። ከስተዋል፣ ግን ይስቃሉ። ገና ሳትቀመጥ የሚጠይቋት ያው ነው፤ «ልጁ ይበላል? ሥራ እንዳይገድለው ንገሪው።» ሌላ ጥያቄ የላቸውም። ለፋሲካ ልጁ ስጦታ ልኮላቸው ነበር። አይረሳማ! ራሱ ግን አልመጣም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጫማው ደግሞ ነጭ ነው። የላከው... ታውቂዋለሽ። ሣጥኑን ነው። አንድ ሞጁል፣ ከነቅጠሉ። «ሌላ ይጨመርበታል» የሚል መልእክት ነበረው።

ሽማግሌው ሊቀመጡበት ሞከሩ፣ ጉልበታቸውን አመማቸው። እቃ ሊያስቀምጡበት አሉ፣ ጎጆው ክብ ነው፤ ጥግ የለው፣ የት ያስጠጉት? በመጨረሻ ዶሮዋ ገብታ እንቁላል ጣለችበት። ለእሷ ብቻ ልኳ ሆነላት። ሴትዮዋ በሳቅ ስትፈርስ ሽማግሌው ግን እጇን ያዟት። «እባክሽ እንዳትነግሪው፤ ይከፋዋል» አሏት።

ይከፋዋል! ... እሷም ቃሏን ጠብቃ እስከ ዛሬ አልነገረችውም። እኔም ላንቺ ነው የነገርኩሽ። ጮክ ያልኩት ለዝናቡ ነው።

ይኸው፣ አባራልሽ። ፍራሹን ሳትገዢ ብትሄጂም አልቀየምሽም፤ ለሱ አልጋ የኔ ፍራሽ ስለማይሆን መጀመሪያ እሱን እይ። ምርቱ ይጸናል፣ በዚህ አላማውም። ምን ሆነ ይሄ ልጅ፣ ተነስቶ ቆመ እኮ። ስልኩንም ኪሱ ከተተ። ብርድ ይሆናል።

ውይ፣ ዋናውን ረስቼ! የደካው ባለ ሲስተም ሚስት ደርሳለች፣ ዛሬ ነገ ነው አሉኝ። ደስ አይልም? ሰምቼ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ትንሽ ቅር ያለኝ መስሎሽ እንዳይሆን፤ እኔ በሰው ላይ ክፉ ተመኝቼ አላውቅም። እንዲያውም አብረሽኝ መርቂው። እሷን ማርያም በሽልም ታውጣት። ለሱ ወንድ ልጅ ይስጠው። ጤነኛ፣ ብልህ፣ ተምሮ የሚመለስ። በመልክም በጠባይም ቁርጥ አባቱን፣ በምንም የማይለይ። ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ይሸብት፣ ይጃጅ። በዚያን ጊዜም ልጁ... እሱ አባቱን እንዳከበረው፣ እንዲሁ፣ ምንም ሳያጓድል፣ ያክብረው።

አሜን በይ እንጂ የኔ ልጅ።